ፓውዛው የት ይታሰር? በቡናው መንገድ ስለ ተጨማሪ የመኪና መብራት የተደረገ ዳሰሳ

በሚዛን ተፈሪና በቴፒ መንገድ ከሚመላለሱት የጭነት መኪኖች ውስጥ ብዙዎቹ ፋብሪካው የሰጣቸው መብራት አልበቃቸውም። አንዱ ፓራውልቱ ላይ ሁለት ክብ ፓውዛ ያስራል፤ ሌላው ከካቢናው ጣሪያ በላይ ረጅም የኤልኢዲ ዘንግ ይዘረጋል፤ ሁለቱንም አድርጎ ሰማያዊ መብራት የሚጨምርም አለ። ሹፌሮች ስለ መብራት ሲያወሩ መጀመሪያ የሚጠያየቁት «ስንት ዋት ነው?» ብለው ነው። እኔ ግን ጥያቄው ከዚያ ቀድሞ መጀመር አለበት እላለሁ። መብራቱ የት ይታሰር? ኤሌክትሪኩ በምን ሽቦ ይድረሰው? ከፊት መኪና ሲመጣ በምን ይጥፋ? በዚህ አካባቢ ጉምና ዝናብ ውስጥ የዋቱ ብዛት ከእነዚህ በኋላ የሚመጣ ጉዳይ ነው።

መንገዱን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ላስረዳ። ከአዲስ አበባ ጂማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከጂማ በጎጀብ፣ በቦንጋ፣ በውሽውሽና በዋቻ አልፎ ሚዛን ተፈሪ ሲደረስ ጠቅላላው ከ550 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ከዚያ በሸኮ በኩል ወደ ቴፒ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀራል። ቦንጋ ከባሕር ጠለል በላይ 1700 ሜትር አካባቢ ስትሆን ቴፒ 1200 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ከቴፒ በስተሰሜን ያለችው ማሻ ደግሞ ከ2000 ሜትር በላይ ናት። ከደቡብ ምዕራብ የሚመጣው እርጥብ አየር ይህን ተዳፋት ሽቅብ ሲወጣ እየቀዘቀዘ ጉም ይሆናል። ዩኔስኮ በ2002 እና በ2004 ዓ.ም. በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት የመዘገባቸው የካፋና የሸካ ደኖች እርጥበቱን ይዘው ያቆዩታል። ዝናቡ የዓመቱን አብዛኛውን ወራት ይጥላል። ደረቅ በሚባለው ከኅዳር መጨረሻ እስከ የካቲት ባለው ጊዜም ቢሆን ሰማዩ ሌሊት ጥርት ስለሚል መሬቱ ይቀዘቅዝና ንጋት ላይ ሸለቆው በጉም ይሞላል። ቡናው ከእርሻና ከየገበሬው ግቢ ወጥቶ የሚጓጓዘው ደግሞ በአብዛኛው በእነዚሁ ወራት ነው። በቆላማዎቹ በበቃና ቴፒ ቀድሞ ይደርሳል፤ ወደ ቦንጋ ሲወጣ ይዘገያል። ጀንፈሉ (ከነገለፈቱ የደረቀው ቡና)፣ ሙዙ፣ ኮረሪማው፣ እርዱና ዝንጅብሉ የሚወጣው በዚሁ መንገድ ነው።

በዚህ መንገድ ላይ መብራት ምን ያህል ርቀት ማሳየት እንዳለበት ማስላት ይቻላል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ ወደ 17 ሜትር ይጓዛል። ሹፌሩ ከብት ወይም መብራት የሌለው ባጃጅ አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ተኩል ቢወስድበት 25 ሜትር አልፏል። ሙሉ ጭነት ይዞ፣ ጭቃ የነካው እርጥብ አስፋልት ላይ ለመቆም ሌላ 45 ሜትር ቢፈልግ አይገርምም። ድምሩ 70 ሜትር ነው። አጭር መብራት በደህና ሌሊት አጥርቶ የሚያሳየው ከ40 እስከ 60 ሜትር ያህል ነው። ፍጥነቱ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ቢወርድ ግን በዚያው ስሌት 37 ሜትር ይበቃል። ስለዚህ በመደበኛው መብራት 60 የሚነዳ ሰው ከሚያየው በላይ እየሄደ ነው፤ 40 የሚነዳው ግን መብራቱ ጤነኛ ከሆነ ይበቃዋል።

«ጤነኛ ከሆነ» ያልኩት በምክንያት ነው። ፓውዛ ፍለጋ ወደ ገበያ የሚወጣ ብዙ ሰው የራሱን የፊት መብራት ረስቶታል። መስታወቱ በአሸዋ ተፍቆ ደብዝዟል፣ ውስጡ ያለው አንጸባራቂ ውሃ ገብቶበት ብሩ ተልጧል፣ አምፑሉ ጠቁሯል። እነዚህን መቀየር አዲስ ፓውዛ ከመግዛት ይቀድማል።

ወደ ገበያው ስንመጣ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራም ሆነ ጂማ ያለው ምርጫ ሦስት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው ሃሎጅን ነው፤ ለ12 ቮልት 55 ዋት፣ ለ24 ቮልት 70 ዋት የተለመዱት ናቸው። ርካሽ ነው፣ ሲቃጠል አምፑሉ ብቻ ይቀየራል፤ ሙቀቱም መስታወቱ ላይ የሚያርፈውን ጤዛ ያደርቃል። ሁለተኛው ዜኖን ነው። ይህን ለሃሎጅን በተሠራ ቤት ውስጥ መክተት ብርሃኑን በየአቅጣጫው ስለሚበትነው ለማንም አልመክርም። ሦስተኛው ኤልኢዲ ነው። ከትንሽ ኤሌክትሪክ ብዙ ብርሃን ያወጣል፣ ንዝረት ይችላል፣ ዕድሜውም ረጅም ነው። ችግሩ ሻጩ የሚጽፍበት ቁጥር ነው። ብዙ ርካሽ ዘንግ ላይ የሚጻፈው ዋት የአምፑሎቹን ቁጥር በሦስት እያባዙ የተገኘ እንጂ የተለካ አይደለም። እውነቱን ማወቅ የሚፈልግ ቴስተሩን በመሐል አስገብቶ አምፔሩን ይለካ፤ 180 ዋት የተባለ ዘንግ በ24 ቮልት ሁለት አምፔር ተኩል ብቻ ከሳበ 60 ዋት ነው። ሌላም ነገር አለ። የሚታየውን ርቀት እጥፍ ለማድረግ አራት እጥፍ ብርሃን ያስፈልጋል፤ ዋት በመጨመር የሚገኘው ርቀት ሰው ከሚገምተው እጅግ ያነሰ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ጉም ማለት በአየር ላይ የተንሳፈፉ እጅግ ጥቃቅን የውሃ ጠብታዎች ናቸው። እያንዳንዷ ጠብታ የደረሰባትን ብርሃን በየአቅጣጫው ትበትናለች፤ ከፊሉ ወደመጣበት ይመለሳል። መብራቱ ከሹፌሩ ዓይን አጠገብ ወይም ከበላዩ ሲሆን የሚመለሰው ብርሃን ቀጥታ ወደ ዓይኑ ይገባል። ጣሪያ ላይ የታሰረ ኃይለኛ ዘንግ ጉም ውስጥ ሲበራ የሚሆነው ይኸው ነው፤ ፊቱ ላይ ነጭ ነጠላ የተጋረደበት ያህል መንገዱ ይጠፋል። ሹፌሩ ደግሞ አልታይ ሲለው መብራት ይጨምራል፣ ነጩም ይብሳል። ጣሪያ ላይ ያለ መብራት በጥርት ሌሊት፣ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ጥሩ ሊሆን ይችላል። ከውሽውሽ እስከ ሚዛን ባለው ጠመዝማዛና ጉማም መንገድ ግን ከሁሉ የከፋው ቦታ ነው ብዬ አምናለሁ። ከኮፈን በላይ ያለው አየር በሙሉ ሲበራ ዓይን ወደ ብርሃኑ ይሳባል፤ የመንገዱ ጠርዝና የውሃ መውረጃው ቦይ በጥላ ውስጥ ይቀራሉ።

ጉም ውስጥ የሚጠቅመው መብራት ዝቅ ብሎ ከፓራውልቱ በታች ወይም በልኩ ይታሰራል። ብርሃኑ ጠፍጣፋና ሰፊ ሆኖ ወደ ጎን ይዘረጋል፤ ከላይ በስለት እንደተቆረጠ የሚያበቃ ወሰን አለው። ዝቅ በማለቱ ከሹፌሩ የእይታ መስመር ይርቃል፣ የሚመለሰው ብርሃንም ከዓይን በታች ይቀራል። የሚያሳየው ሩቁን ሳይሆን ከጎማው ፊት ያለውን ከ15 እስከ 25 ሜትር ያህል መሬትና ሁለቱን የመንገድ ጠርዞች ነው። ይህ ትንሽ ይመስላል። ጉም ውስጥ በ20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ለሚያዘግም መኪና ግን የሚያስፈልገው ይኸው ነው፤ ከዚያ በላይ የሚያሳይ መብራት ስለሌለ ከዚያ በላይ መንዳትም አይቻልም።

ስለ ቢጫ መብራት ብዙ ይባላል። ቢጫ ብርሃን ጉምን ይበሳል የሚለው እምነት ልክ አይደለም፤ የጉም ጠብታ ከብርሃን ሞገድ በጣም ስለሚተልቅ ሁሉንም ቀለም እኩል ለእኩል ይበትናል። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1936 ባወጣችው ሕግ የመኪና የፊት መብራት ሁሉ ቢጫ እንዲሆን አድርጋ ነበር፤ በ1993 ግን በአውሮፓ የጋራ ደንብ ምክንያት ትታዋለች። ቢጫ ጥቅም የለውም ማለቴ አይደለም። ዓይንን የሚያደክመውን ሰማያዊ ብርሃን ስለሚቀንስ ረጅም ሰዓት ለሚነዳ ሰው ይቀልለዋል። ወደ ሰማያዊ የሚያደላውን «በረዶ ነጭ» ኤልኢዲ መግዛት ግን ለዚህ መንገድ የተሳሳተ ምርጫ ነው።

ቦታው ከተወሰነ በኋላ የቀረው ሽቦ ነው። ብዙ ገንዘብ የሚባክነውና አንዳንዴም መኪና የሚቃጠለው እዚህ ላይ ነው።

ከድሮው ፊያት ኢንትሬ ጀምሮ እስከ ዛሬዎቹ አይሱዙና ሲኖትራክ ድረስ የጭነት መኪኖቻችን በአብዛኛው 24 ቮልት ናቸው፤ ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪ በተከታታይ ተያይዞ ማለት ነው። ፒክአፑና ላንድክሩዘሩ ግን ብዙውን ጊዜ 12 ቮልት ነው። የገበያው ርካሽ ፓውዛ ለ12 ቮልት የተሠራ ሲሆን ሁለት ዓይነት መላ ይፈጠራል። አንደኛው ሁለቱን አምፑል በተከታታይ ማያያዝ ነው። ይህ ይሠራል፤ ግን አንዱ ሲቃጠል ሁለቱም ይጠፋሉ፤ ሁለቱ አምፑሎች እኩል ካልሆኑም ደካማው ቶሎ ይሞታል። ሁለተኛው መላ ከሁለቱ ባትሪዎች መሐል 12 ቮልት መውሰድ ነው፤ ለቴፕም እንዲሁ ይደረጋል። ይህን መላ አጥብቄ እቃወማለሁ። ዲናሞው ሁለቱን ባትሪ እንደ አንድ አድርጎ ስለሚሞላ አንዱ ብቻ እየተሳበበት እንደሆነ አያውቅም። የሚሳብበት ባትሪ ሁልጊዜ ሳይጠግብ ይቀራል፤ ሌላው ከልክ በላይ ይሞላና ውሃው ይተናል። በጥቂት ወራት ሁለቱም ይሞታሉ፣ ባለንብረቱም ባትሪ ሻጩን ይወቅሳል። ወይ 24 ቮልት የሚቀበል መብራት መግዛት፣ ወይም ከ24 ወደ 12 የሚቀይር መሣሪያ ማስገባት ነው ትክክሉ። ብዙ የኤልኢዲ ፓውዛ ከ10 እስከ 30 ቮልት ስለሚቀበል ጉዳዩ አሁን ቀሏል።

የሽቦ ውፍረት የሚያመጣውን ልዩነት በአንድ ምሳሌ ልየው። ባለ 12 ቮልት ፒክአፕ ላይ ሁለት 55 ዋት ሃሎጅን ቢታሰር 110 ዋት፣ ማለትም ከ9 አምፔር ትንሽ በላይ ነው። ከባትሪው በካቢናው ማብሪያ ዞሮ ፓውዛው ድረስ ደርሶ መልሱ 10 ሜትር ሽቦ ይፈጃል እንበል። ቀጭን የቤት ሽቦ፣ 0.75 ካሬ ሚሊ ሜትሩ፣ ከተዘረጋ መንገድ ላይ 2 ቮልት ያህል ይጠፋል። ሃሎጅን ደግሞ ቮልቴጅ ትንሽ ሲቀንስበት ብርሃኑ በብዙ ይቀንሳል፤ 2 ቮልት ሲጎድል የሚቀረው ግማሽ ያህሉ ብርሃን ነው። በዚያው ቦታ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ቢገባ የሚጠፋው 0.4 ቮልት ሆኖ ከአስር ዘጠኝ እጅ የሚጠጋው ብርሃን ይደርሳል። አምፑሉ ያው፣ ባትሪው ያው፣ ልዩነቱ የሽቦው ዋጋ ብቻ ነው። በ24 ቮልት ላይ አምፔሩ በግማሽ ስለሚያንስ ጉዳቱ ይቀንሳል፤ አራት ፓውዛ ላደረገ ሰው ግን ተመልሶ ይመጣል።

ሽቦውን የሚያሳጥረው ሪሌ፣ ማለትም በትንሽ ኤሌክትሪክ እየታዘዘ ትልቁን የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ ነው። ያለ ሪሌ ሙሉው ኃይል በማብሪያዋ ውስጥ ያልፋል፤ ማብሪያዋ ትግላለች፣ ፕላስቲኳ ይቀልጣል። በሪሌ ሲሆን ማብሪያዋ ከግማሽ አምፔር በታች የሆነ ትእዛዝ ብቻ ታስተላልፋለች። ሪሌው ላይ ቁጥሮች ተጽፈዋል። 30 ከባትሪው ፖዘቲቭ በፊውዝ አልፎ ይመጣል፤ 87 ወደ ፓውዛው ይሄዳል፤ 85 እና 86 የውስጠኛው ጥቅልል ጫፎች ናቸው፣ አንደኛው ወደ ማሳ (ከሻንሲው ጋር ወደሚታሰረው ኔጌቲቭ) ሌላኛው ወደ ማብሪያው። ለ24 ቮልት መኪና የ24 ቮልት ሪሌ ይገዛ፤ የ12ቱ ጥቅልል ሁለት እጥፍ ቮልት ሲያገኝ ይቃጠላል። ብዙ የጃፓን መኪና የፊት መብራቱን የሚያበራውና የሚያጠፋው በኔጌቲቩ በኩል መሆኑም መዘንጋት የለበትም። ይህን ያላወቀ ኤሌክትሪሺያን ትእዛዙን ከረጅሙ መብራት ሲወስድ ሪሌው አልሠራ ይለዋል፤ ቀኑን ሙሉ ሲፈታና ሲገጥም ይውላል።

ፊውዙ የሚቀመጠው ባትሪው አጠገብ፣ ከአንድ ስንዝር ሳይርቅ ነው። የሚጠብቀውም ሽቦውን እንጂ መብራቱን አይደለም። ከባትሪው እስከ ፊውዙ ባለው ሽቦ ላይ ምንም ጠባቂ የለም፤ እዚያ ላይ ላስቲኩ ተፍቆ ሻንሲ ቢነካ ባትሪው ያለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይለቃል። ኋላ የተጫነው ደግሞ ደረቅ ጀንፈልና የቃጫ ጆንያ ነው። በ24 ቮልት ላይ ለሁለት 70 ዋት ፓውዛ 10 አምፔር ይበቃል። ፊውዙ ሲቃጠልበት በሲጋራ ወረቀት ብር ጠቅልሎ የሚመልሰው ሰው መኪናውን ሊያቃጥል እየተዘጋጀ ነው፤ ይህን የምለው በቁጣ ነው፤ አሁንም እየተደረገ ነውና።

በዚህ አካባቢ ዋናው የሽቦ ጠላት ውሃ ነው። የተለመደው አሠራር ሁለቱን ሽቦ ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል ነው። አንድ ክረምት ያለፈበትን እንዲህ ያለ መገናኛ ናስትሮውን ልጦ ያየ ሰው ይገባዋል። ሙጫው ቀልጦ ጣት ላይ ይለጠፋል፣ ከሥሩ ውሃ ይወጣል፣ መዳቡ ጠቁሮ ዳር ዳሩ አረንጓዴ ዱቄት አውጥቷል። ላስቲኩን ወደ ኋላ ሲገፉት ጥቁረቱ አንድ ስንዝር ሽቅብ ወጥቷል፤ ብዙ ቀጫጭን ክር ያለው ሽቦ ውሃውን ወደ ውስጥ ይመጠዋልና። መብራቱ ግን እየበራ ነበር፤ እየደበዘዘ። መድኃኒቱ በመሣሪያ የሚጨመቅ ቱቦ መገናኛና ሲሞቅ የሚኮማተር፣ ውስጡ ሙጫ ያለው ላስቲክ ነው። ብየዳ (ቆርቆሮ) ብቻውን አይበቃም፤ የጠነከረው ቦታ ጫፍ ላይ ሽቦው በንዝረት ይሰበራል። ማሳውንም ቀለም የተቀባ ብሎን ላይ ማሰር ዋጋ የለውም፤ ብረቱ ተፍቆ እስኪያበራ ድረስ ይጸዳ፣ ታስሮ ሲያልቅ ግሪስ ይቀባ። አይሱዙን ለመሰለ ካቢናው ወደፊት ለሚገለበጥ መኪና አንድ ነገር ልጨምር። ወደ ጣሪያ የሚወጣ ሽቦ በማጠፊያው በኩል ላላ ተብሎ ካልታሰረ ሞተር ለማየት ካቢናው በተነሳ ቁጥር ይወጠራል፤ አንድ ቀን ይበጠሳል ወይም ይላጣል።

የሌላው ሹፌር ዓይንስ? ኢትዮጵያ ከግራ ወደ ቀኝ መንገድ የዞረችው ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ነው። ጃፓን ግን ዛሬም በግራ ትነዳለች፤ ለራሷ ገበያ የምትሠራው አጭር መብራት ወደ ግራ በኩል ከፍ ይላል። እንዲህ ያለ ያገለገለ መብራት ገዝቶ እዚህ አገር የገጠመ ሰው ከፍ ያለውን ብርሃን ቀጥታ በመጪው ሹፌር ዓይን ላይ አደረገው ማለት ነው። መብራት ሲገዛ ግድግዳ ላይ አብርቶ የቱ ጎን ከፍ እንደሚል ማየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ጭነቱም ሌላ ጉዳይ ነው። ባዶ ሆኖ የተስተካከለ መብራት ሲጫን ይነሳል። በፊትና በኋላ ጎማ መካከል 3.8 ሜትር ያለው መኪና ኋላው 5 ሳንቲ ሜትር ቢወርድ ብርሃኑ በ50 ሜትር ርቀት ላይ 66 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል። ከመንገዱ ተነስቶ የመጪው ሹፌር ፊት ላይ ለመድረስ ይህ ይበቃል። ስለዚህ ማስተካከያው ጆንያው ተጭኖ ሳለ፣ ደልዳላ ቦታ ላይ፣ ከግድግዳ 10 ሜትር ርቆ ይሁን፤ የብርሃኑ ወሰን ከመብራቱ ቁመት 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይረፍ።

ሩቅ የሚያሳየው ፓውዛ ትእዛዙን ከረጅሙ መብራት መውሰድ አለበት፤ ሹፌሩ ዲም ሲያደርግ አብሮ ይጠፋል። ለብቻው ማብሪያ የተሰጠው ፓውዛ ኩርባ ላይ ድንገት መኪና ሲመጣ ሁለተኛ እጅ ይጠይቃል፤ ያ እጅ መሪ ላይ ነው። ብርሃን ያጥበረበረው ዓይን ተመልሶ አጥርቶ እስኪያይ ብዙ ሰከንዶች ይፈልጋል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ከሸኮ ወደ ቴፒ በሚወርደው መንገድ ላይ ያለ መኪና ሁለት ኩርባ ያልፋል። የጉም መብራቱ ግን ከፓርኪንግ መብራት ትእዛዝ ወስዶ የራሱ ማብሪያ ይኑረው። አውሮፓውያን በአንድ መኪና ላይ አብሮ የሚበራውን ረጅም መብራት ሁሉ ደምረው ከ430 ሺህ ካንዴላ እንዳይበልጥ ወስነዋል። እኛም በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ተሽከርካሪ በየዓመቱ እየተመረመረ ቦሎ ይወስዳል፤ ተጨማሪው ፓውዛም በዚያ ምርመራ በርቶ፣ ዲም ሲደረግ መጥፋቱ ቢታይ ብዙ ሰው ይተርፋል። የትራፊክ ፖሊስ ጣሪያ ላይ ያለን ዘንግ ቀን ላይ አይቶ ማለፉ በቂ አይደለም።

ሥራውን የሚሠሩት በየከተማው ያሉ ወጣቶች ናቸው። እጃቸው ብልህ ነው፤ የጎደላቸው ቴስተር፣ ጥሩ መጭመቂያ ፒንሳና የአንድ ሳምንት ትምህርት ነው። ቴፒ ላይ የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ግቢ አለ፤ በየዞኑ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች አሉ። ከመኸሩ በፊት በክረምቱ ወራት ለጋራዥ ሠራተኞች እንዲህ ያለ አጭር ሥልጠና ቢሰጡ ወጪው ትንሽ፣ ጥቅሙ በዚያው ዓመት የሚታይ ነው።

ባለንብረቱም ቢሆን ሥራውን ሳይረከብ ማረጋገጥ ይችላል። ሞተሩ ተነስቶ፣ ፓውዛው በርቶ አሥር ደቂቃ ከቆየ በኋላ ሪሌውን፣ ፊውዙንና እያንዳንዱን መገናኛ በእጁ ይንካ፤ የሚያቃጥል ካለ እዚያ ላይ መጥፎ ግንኙነት አለ። ከዚያ ኤሌክትሪሺያኑ ቴስተሩን መጀመሪያ ባትሪው ላይ፣ ቀጥሎ ፓውዛው መግቢያ ላይ ያሳርፍለት። በባለ 24 ቮልት መኪና ባትሪው ላይ 27 ቮልት ተኩል አንብቦ ፓውዛው ላይ ከ26 ተኩል በታች ካሳየ ሽቦው ቀጥኗል ወይም ማሳው ላልቷል፤ ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት ይፈታና እንደገና ይሠራ።